አበባማ ቢሆን ያብብ ነበር

ውኃ ሲመጣ የሚናደድ ሰው ሞጣ ውስጥ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ቧንቧው ደርቆ ሰንብቶ ድንገት ማፏጨት ሲጀምር ጎረቤቱ ሁሉ ጀሪካኑን እያንኳኳ ይወጣል፤ የእኔ ግን ሆዴ ይቃጠላል። የባሌ እናት የመጀመሪያውን ባልዲ ቀድተው ቀጥ ብለው የሚሄዱት ወደ እኔ የአበባ መደብ ነዋ! ውኃ በሌለበት ቀን ደግሞ የጎመን ማጠቢያውን፣ የእጅ መታጠቢያውን፣ የድስት ማለቅለቂያውን ሳይቀር አጠራቅመው ያፈሱበታል። ተክሉ ውኃ እንደማይወድ ስንት ጊዜ ነገርኳቸው። «አይ ልጄ፣ ውኃ የማይወድ ለምለም ደግሞ የት አለ?» ይሉኛል ባልዲውን እያራገፉ።

ተክሉ አይሪስ ነው። ስሙን ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ፣ ስልኬ ላይ ፎቶውን አይቼ ነው። ቢቸና፣ እናቴ ግቢ፣ ስም አልነበረውም፤ ወይን ጠጁ አበባና ነጩ አበባ ነበር የምንለው። ቅጠሉ ረጅምና ጠፍጣፋ ሆኖ ከሥሩ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ይወጣል። ሥሩ እንደ ዝንጅብል የተንጋደደ ነው፤ ጀርባው ከአፈር በላይ ወጥቶ ፀሐይ ካልሞቀው አያብብም፣ ውኃ ከተኛበት ደግሞ ይበሰብሳል። እናቴ ይህን ከማንም አልተማረችም። ግቢያችን ተዳፋት ላይ ስለነበር ውኃ አይቆምበትም፣ እሷም ወገቧን ስለሚያማት ብዙ አትነካካውም ነበር። ለዚህ ተክል ከስንፍና የተሻለ እንክብካቤ የለም።

ወይን ጠጁ እኔ ነፍስ ከማወቄ በፊት ጀምሮ የነበረ ነው። ነጩን ያመጣችው ታላቅ እህቴ ናት። ደብረ ማርቆስ ታስተምር በነበረ ጊዜ ከአንዲት ባልደረባዋ ግቢ ሥሩን ገንጥላ፣ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልላ አምጥታ፣ ከወይን ጠጁ አጠገብ ተከለችው። ሲያብብ አላየችም። ሳይውል ሳያድር ታመመችና ሞተችብን። ከዚያ ወዲህ እናቴ ነጩን አበባ ነጩ አበባ ብላ ጠርታው አታውቅም። «የእሷ» ነው የምትለው። «የእሷ ዘንድሮ ቀደመ»፣ «የእሷን ዶሮ ጫረው» ትላለች። ስለ እህቴ ከዚህ ሌላ የምታወራው ነገር የላትም።

ከዚያ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለ። የፊት ለፊቱ አጥራችን እንደሚፈርስ ብናውቅም ማሽኑ የመጣው እናቴ ለዓይኗ ሕክምና ባሕር ዳር በሄደችበት ሰሞን ነው። ጎረቤቶች ሮጠው ገብተው የቻሉትን አነሡ፤ በሩን፣ ቆርቆሮውን፣ የአጥሩን እንጨት። እግረ መንገዳቸውንም ከተገለበጠው አፈር ውስጥ ያገኙትን የአበባ ሥር ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጨመሩ። እኔ ከሞጣ ስደርስ መደቡ የለም፤ መንገድ ሆኗል። ከረጢቱ ውስጥ ካለው አብዛኛው በማሽኑ ጥርስ ተቆራርጧል፣ የቀረውን ፀሐይ መቶታል። ነፍስ ያለው እፍኝ አይሞላም። የቱ የወይን ጠጁ፣ የቱ የነጩ እንደሆነ ደግሞ የሚያውቅ የለም፤ ሥራቸውም ቅጠላቸውም አንድ ነው። ካላበቡ አይለዩም።

እናቴ ስትመለስ ስለ አጥሩ ምንም አላለችም። ከረጢቱን ከፍታ አየችና ዘጋችው። የቀረላት የጓሮው ቦታ ጥላ ስለሆነ ሥሮቹን እኔ ይዣቸው እንድሄድ ነገረችኝ። «ሲያብብ ንገሪኝ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «የእሷ ተርፎ እንደሆነ ንገሪኝ» አለች።

እኔና ባሌ የምንኖረው በእናቱ ግቢ ነው። እኔ እማማ ነው የምላቸው። እማማ እጃቸው የነካው ሁሉ ይበቅላል፤ ጎመናቸውን ቀጥፈው አይጨርሱትም፣ ቃሪያቸው የሰፈሩን ወጥ ያቃጥላል፣ ድንቻቸውን ለዘመድ ሁሉ ያድላሉ። እንዲህ ያለ ሰው ግቢ ውስጥ የራስን መደብ መያዝ ቀላል አይደለም። ፀሐይ የሚበዛበትን የግድግዳ ጥግ ለመንኳቸውና ፈቀዱልኝ። አሸዋ ቀላቅዬ፣ ድንጋይ ከብቤ፣ አፈሩን ከፍ አድርጌ፣ ሥሮቹን ጀርባቸውን ገልጬ ተከልኳቸው። በሳምንቱ ከሥራ ስመለስ መደቡ ጉብ ብሎ በፍግና በአፈር ተከድኗል።

«ሥሩን ብርድ እየመታው አገኘሁት» አሉኝ እማማ ደስ ብሏቸው፤ «አለበስኩልሽ።»

«እማማ፣ እሱ ተገልጦ ነው የሚኖረው። አበባ ነው።»

«የምን አበባ?»

«ሲያድግ ያብባል።»

ጎንበስ ብለው ቅጠሉን በጣታቸው ዳሰሱትና ሳቁ። «ይኼማ ቄጠማ ነው ልጄ። የእናንተ አገር ቄጠማ ሰፋ ይላል ማለት ነው።»

ነገሩ ያኔ ተበላሸ። የቢቸና ሰው ናት፣ የአገሯን ቄጠማ ናፍቃ አምጥታ ነው ብለው ደመደሙ። ቄጠማ ደግሞ የረግረግ ልጅ ነው፤ ውኃ ካልተኛበት አያምርም። እማማም እንደ ረግረግ ያዙልኝ። ጠዋት ጠዋት አፈሩን ከሥሩ ላይ ጠርጌ ወደ ሥራ እሄዳለሁ፤ ማታ ስመለስ ተመልሶ ተከድኗል፣ ዙሪያው ጭቃ ነው። በእሾህ አጠርኩት። «ከዶሮ ከለልሽው፣ ጥሩ አደረግሽ» ብለው በእሾሁ ላይ እጃቸውን ዘርግተው አጠጡት። ክረምት ሲገባ ዝናቡ እንዳይጨርሰው ላስቲክ ወጠርኩበት። ከሥራ ስመለስ ላስቲኩ ተጣጥፎ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። «ምስኪን፣ ዝናቡን ከለከልሽው እኮ» አሉኝ።

ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እጣላቸው ነበር። ከክፉ አማት ጋር መጣላት ያለ ነገር ነው፣ ሰውም ይፈርድልሻል። ለአንቺ ብለው በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ባልዲ ተሸክመው የሚሄዱትን ሴትዮ ምን ብለሽ ትጣያቸዋለሽ? ባሌን ነገርኩት። «እናቴን ውኃ አታጠጪ ልበላት?» ብሎ ጠየቀኝ፣ እንደ ትልቅ ነገር። ከዚያ በኋላ እሱን ማናገር ተውኩ።

የመጀመሪያው ሥር በክረምቱ መካከል በሰበሰ። ቅጠሉን ስስበው እጄ ላይ ቀረ፣ ሥሩ ጣቶቼ መካከል እንደ ሊጥ ፈሰሰ፣ ሽታው ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያ የበሰበሰው የእህቴ ይሁን የወይን ጠጁ በምን አውቃለሁ? እናቴ ስትጠይቀኝ ምን እላለሁ? ደግሞ ትጠይቃለች። ኔትወርክ በኖረ ቁጥር ትደውላለች። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ ቢቸና እዚህ ደብረ ወርቅን አለፍ ብሎ ያለ አገር ሆኖ ሳለ እንደ ልቤ ሄጄ አላያትም። ስለዚህ በስልክ ነው። ስለ ዓይኗ እጠይቃታለሁ፣ ስለ ጤፍ ትነግረኛለች፣ መጨረሻ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አበበ?» ትላለች።

«ገና ነው እማዬ።»

«ምን ነካው?»

«አፈሩ አልተስማማው ይሆናል።»

አማቴ እያበሰበሱት ነው ብላት ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። አማትሽን በክፉ አታንሺ ትለኛለች፣ አለቀ።

ሁለተኛው ሲበሰብስ እማማን ለብቻቸው አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። እህቴ እንዳመጣችው፣ እህቴ እንደሞተች፣ እናቴ የእሷ ይትረፍ አይትረፍ ለማወቅ እየጠበቀች እንደሆነ። እማማ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ነፍሷን ይማር! ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ!» አሉ፣ ደረታቸውን መታ መታ አድርገው። ተገላገልኩ ብዬ በሰላም ተኛሁ። በማግሥቱ ጠዋት ብነሣ በአንድ ባልዲ ፋንታ ሁለት አፍስሰውበታል። የእህቷማ ከሆነ ብለው።

«እማማ፣ አበባ ነው አልኩዎት እኮ!» ብዬ ጮህኩ። በእሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው፤ ወዲያው ደነገጥኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ለሐዘንተኛ እንደሚናገር ሰው በለሆሳስ፣ «ልጄ፣ አበባማ ቢሆን ያብብ ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አላበበማ።

እንዲህ እየሆነ አንድ ሥር ብቻ ቀረ። ሌሎቹ በየተራ ሄዱ፤ የእያንዳንዱን ብስባሽ ስቀብር የእናቴ ተስፋ እየጠበበ እንደሚሄድ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን የመጨረሻውን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ፣ ከሥሩ ጠጠር አልብሼ ተከልኩት። ወደ ቆርቆሮ ጣሳ ላዛውረው ብዬ ደግሞ ፈራሁ፤ አንዴ ከተነቀነቀ ሌላ ዓመት ይፈልጋል።

ያዳነኝ የእማማ ጉልበት ነው። በዐቢይ ጾም ሕመሙ ጠናባቸውና ጠበል ሊጠመቁ ሄደው እዚያው ቆዩ። ቧንቧውም ደርቆ ሰነበተ። እኔ መደቡ አጠገብ ድርሽ አላልኩም። አፈሩ ተሰነጠቀ፣ ጠጠሩ እጅ ያቃጥላል፣ የሥሩ ጀርባ በፀሐይ ጠቆረ። ጎመኑ ሲጠወልግ አይሪሱ ሰውነት ገዛ። ከቅጠሎቹ መካከል ክብ አገዳ ብቅ ሲል እሱ መሆኑን ማመን አቃተኝ። በየቀኑ ከሥራ በፊት አየዋለሁ፣ ከሥራ በኋላ አየዋለሁ። ጫፉ ላይ እንደ እርሳስ የጠበበ እምቡጥ ነበረው፣ በአረንጓዴ ሽፋን የተጠቀለለ። ቀለሙ አይታይም። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ አበበ ብላት የመጀመሪያው ጥያቄዋ የትኛው የሚል ነው።

እማማ በስቅለት ዋዜማ ተመለሱ። ጉልበታቸው ተሽሏቸው፣ ፊታቸው በርቶ። ከእኔ ጋር ከመሳሳማቸው ጥግ ላይ ያለውን አዩት። «ኧረ! ምን ያህል አድጓል!»

«እማማ፣ ይኸውልዎት፣ እምቡጥ አለው። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ያብባል። እባክዎ፣ ውኃም አይንኩት፣ እጅም አይንኩት።»

«እሺ እሺ» አሉ። እሺ ሲሉ ግን እኔን ሳይሆን ቅጠሉን ነበር የሚያዩት።

ቅዳሜ፣ ለምለም ቅዳሜ፣ በጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት ተረኛ ነበርኩ። ከስቅለት ጀምሮ አክፍዬ ስለነበር ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ራሴን እያዞረኝ ነው ወደ ቤት የገባሁት። ቤቱ በገበያ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ዓይኔ ወደ ጥጉ ሄደ። አይሪሱ በማጭድ ተላጭቷል። አገዳውም ቅጠሉም የለም፤ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ጉቶ ብቻ፣ አጠገቡም ውኃ ተኝቷል።

እማማ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ግንባራቸው ላይ ቄጠማ አስረው ተቀምጠዋል። ደስ ብሏቸዋል። «ለቤቱ የገበያውን አነጠፍኩ» አሉኝ። «የግቢያችንን፣ ምርጡን፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት። ካህናቱ እንዲያድሉት። ለእህትሽም ነፍስ ይሆናል ብዬ።»

ብጮህ በቀዳም ስዑር፣ ለእግዚአብሔር በተሰጠ ነገር፣ በሟች እህቴ ስም በተሰጠ ነገር ላይ ነው የምጮኸው። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ተመልሼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው ዛሬም እፍረትና ሳቅ ይይዘኛል። የሞጣን ሰው ግንባር እያየሁ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሁሉ ቄጠማ አስሯል፤ እኔም እያንዳንዱን ራስ እመረምራለሁ፣ ሰፋ ያለ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቅጠል አለ ወይ ብዬ። አንድ ሽማግሌ ላይ አገኘሁ፤ በቁመቱ ተሰንጥቆ ግንባራቸው ላይ ዞሯል። ሰላም ብያቸው ቆሜ አፈጠጥኩባቸው። «ምነው ልጄ?» አሉኝ። «ቄጠማዎ ያምራል» አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል? መንገዱ ዳር ሱቃቸው ደጃፍ ላይ የቆሙት ጎረቤታችን፣ ጨርቅ ነጋዴዋ ሐጂያችን፣ ከሩቅ ሲመለከቱኝ ቆይተው ሳቁብኝ። «እንዴ፣ ዛሬ የሰው ግንባር ቆጠራ ነው እንዴ?» አሉ። ነገሩን በአጭሩ ስነግራቸው ሳቃቸውን አቆሙ። «አገዳ በራስ ላይ አይታሰርም፤ ሰበር ይላል። ጥለውት ይሆናል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ፈልጊ» አሉኝ። ይህ እንዴት ለእኔ ሳይታየኝ ቀረ ብዬ ራሴን እየረገምኩ ሄድኩ።

እውነታቸውን ነበር። ቄጠማውን የለዩት ሰዎች የማይታሰረውን ከቅጥሩ ሥር ከምረውታል። እጄን ሰድጄ አመስኩት፤ ጉቶ፣ ሣር፣ የቀርከሃ ቁራጭ፣ ከዚያ የእኔ አገዳ። አንገቱ ጋ ትንሽ ተጎንብሷል እንጂ እምቡጡ ደህና ነው። ማንም ሳያየኝ ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግኩት። ከቤተ ክርስቲያን የሰረቅሁ ይመስል በፍጥነት ወደ ቤት ተመለስኩ።

ብርጭቆ ውስጥ ውኃ አድርጌ መስኮቱ ላይ አቆምኩት። ባሌ አየና ሊናገር ፈልጎ ፊቴን ሲያይ ተወው። የትንሣኤ ዕለት፣ ቁርሱ ተበልቶ፣ ዘመድ ገብቶ ወጥቶ፣ ፀሐዩ መስኮቱን ሲመታው እምቡጡ ተፈታ። አንዱ የአበባው ቅጠል ወደ ታች ተቀለበሰ፣ ሌላው ተከተለ። ነጭ ነው። መካከሉ ላይ ትንሽ ቢጫ አለበት እንጂ ነጭ።

ከጎኔ እማማ መጥተው ቆሙ። «ውይ!» አሉ አፋቸውን ይዘው። «ቄጠማው አበባ አወጣ! በትንሣኤ ዕለት! ይኼ ተአምር ነው ልጄ፣ ሰው ይጠራ!» ግድግዳ ላይ ራሴን ባጋጭ ደስ ባለኝ።

እናቴ የደወለችው ያን ጊዜ ነው። በበዓል ቀን መጀመሪያ የምታወራው ከእማማ ጋር ነው፤ ወጉ እንዲህ ነው። እማማ ጆሯቸው ስለሚያስቸግራቸው የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍተው ነው የሚያወሩት፣ ስለዚህ ሁሉንም ሰማሁ። እንኳን አደረሰዎ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ዓይንዎ እንዴት ነው፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው። ከዚያ እማማ እየሳቁ፣ «ልጅዎ አኩርፋብኛለች» አሉ። «ግቢ የነበረውን ቄጠማ ለቤተ ክርስቲያን ቆርጬ ሰጠሁባትና ይኸው ከትናንት ጀምሮ ፊት ነሥታኛለች።»

እናቴ ምን እንደተቆረጠ ገብቷታል። ሌላ ቄጠማ እንዳላመጣሁ ታውቃለች።

«ይቅር ይበሏት» አለች እናቴ፣ ድምጿ ሳይናወጥ። «ልጅነት ነው። ቄጠማ አይደል? እንኳንም ለበዓል ዋለ።»

«ሰማሽ?» አሉኝ እማማ ወደ እኔ ዞረው፣ በድል። «እናትሽም ቄጠማ ነው ብለዋል!» ስልኩንም አቀበሉኝ።

ድምፅ ማጉያውን ዘግቼ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ፣ ወደ በረንዳው ወጣሁ። «እማዬ፣ ነጭ ነው» አልኳት። «አብቧል፣ አሁን እያየሁት ነው። ሥሩም አልሞተም። የእሷ ነው የተረፈው፣ የእሷ ነው!» ምን ያህል ጮክ ብዬ እንደምናገር አልታወቀኝም።

ከዚያ ትንፋሿን ሰማሁት፣ እየተቆራረጠ። እናቴ ስታለቅስ ከእህቴ ቀብር ወዲህ ሰምቼ አላውቅም።

«ቀስ በይ» አለችኝ። «ቀስ በይ ልጄ። እሳቸው እንዳይሰሙሽ፣ በበዓል ምድር ያዝናሉ።»